ጥላ አለች እንጂ ጓዳ አላለችም

እሑድ፣ ጥር 4

ዛሬም መስኮት ሥር ዋልኩ። እማዬ ቤት፣ ሳሎን፣ ሽቦው የሚወጋው ሶፋ ላይ። ሌላው ሁሉ ውጪ፣ ሣሩ ላይ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቤተሰቡ እዚህ ይሰበሰባል። እነሱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ።

ምሳዬ ተሸፍኖ መጣልኝ። እንደ በሽተኛ። በሽተኛ አይደለሁም እንዴ? ነኝ። ሉፐስ ይባላል፤ ከያዘኝ ሦስት ዓመት ሆነ። ፀሐይ ስታገኘኝ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ፊቴ ይቀላል፣ ጉልበቴና የእጄ አንጓ ያብጣል፣ ሲከፋ ኩላሊት ድረስ ይሄዳል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እነሱ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። በር ላይ ብቅ ስል አምስት አፍ ባንዴ… «ግቢ!»

ሜዳ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። የስፖርት አስተማሪ። አሁን ትምህርት ቤቱ ኳስና መረብ በሚከማችበት ክፍል ወንበር ሰጥቶኛል። ኳስ ነፍቼ አስረክባለሁ፣ ሲመለስ እረከባለሁ። በቃ።

ከውጪ ጭብጨባ ሰማሁ። ለካ ሚጣ ልታገባ ነው! የእህቴ ልጅ። ሚጣ እንደተባለች አድጋ፣ ይኸው መሃንዲስ ሆናም ሚጣ ናት። ሮጣ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሠርጉ መጋቢት ላይ (ጴንጤ ስለሆንን ጾሙ አያግደንም)፣ እዚሁ እማዬ ግቢ፣ በጠራራ ቀን።

ከኋላዋ እትዬ ገባች። ታላቅ እህቴ፣ የሚጣ እናት። ገና አፌን ሳልከፍት፣

«አንቺ በምንም አታስቢ። ከውስጥ ሆነሽ ስጦታ ትቀበያለሽ» አለችኝ።

ስጦታ እቀበላለሁ…

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ስጦታ ተቀባይ! አዝዬ ያሳደግኳትን ልጅ ሠርግ በመስኮት ላይ! አላደርገውም። እንዴት እንደማላደርገው ገና አላውቅም እንጂ፣ አላደርገውም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ደህና ነሽ አለችኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዶክተር፣ ቀን ውጪ መዋል እችላለሁ?»

ግራ ገባት። «ፀሐይ አታግኝሽ አልኩ እንጂ ከቤት አትውጪ መች አልኩ? ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ ቅባትሽን አትርሺ፣ ደህና ጥላ ይኑርሽ። ለምን አትወጪም?»

ለምን አልወጣም! ሦስት ዓመት ሙሉ… ማን ነው ታዲያ ግቢ ያለኝ? እሷ ጥላ አለች እንጂ ጓዳ አላለችም። ጓዳውን ቤተሰቤ ጨመረበት። እኔም እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ዛፍ ሥር ብቻ ተማምነሽ አትቀመጪ ብላኛለች፤ በቅጠሉ መሃል ያልፋል። ስስ ሸራም ያው ነው አለች። ታክሲ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። ሸራ… ድንኳን! ያ ታጥፎ ከረጢት ውስጥ የሚገባው፣ ሲስቡት ቀጥ የሚለው። እንዳይሰለቸኝ ትልቅ ቴሌቪዥን እንድገዛ መክረውኝ ያስቀመጥኩት ብር አለ። ቴሌቪዥኑ ይቅርባቸው።

እሑድ፣ ጥር 11

ውርደት።

ትናንት ገበያ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ «ላባ በይው!» ሲለኝ ደስ አለኝ። ላባነቱ ነው ጉድ ያፈላው። ዛሬ እማዬ ግቢ ዘረጋሁት። እግሮቹ እንደ ሸንበቆ ቀጫጭን፣ ማያያዣው ሁሉ ፕላስቲክ። አንድ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ንፋስ መጣ። መጀመሪያ ሸራው ሆዱን ነፋ። ቀጥሎ አንዱ እግር ቀጭ አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ አጥሩን ተሻገረ! ጎረቤታችን ሾፌሩ ያሰጣው ልብስ ላይ ወርዶ፣ ሱሪና አንሶላ አስከትሎ ጭቃ ውስጥ ገባ።

እማዬ ክው ብላ ቀረች። ማታ እትዬ ደወለች፤ ወሬው ደርሷታል።

«እግዜር ራሱ ግቢ ሲልሽ አይገባሽም?»

አይገባኝም። አልገባምም!

እሑድ፣ ጥር 18

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። ግቢ እና ግቢ። አንዱ ማዘዣ ነው፣ አንዱ የእማዬ ሣር ያለበት። ሲጻፉ አንድ ናቸው። እነሱ አንደኛውን ይሰጡኛል፣ እኔ የምፈልገው ሌላኛውን።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

አራት ሱቅ ዞርኩ። ዛሬ ማንም አያታልለኝም ብዬ ነው የወጣሁት። ሦስቱ ጋ ያው ሸንበቆ ነው። አራተኛው ጋ አንዱን እግር ይዤ ወዘወዝኩት፣ ገፋሁት፣ ተደገፍኩት።

«እህቴ፣ ልትገዢው ነው ልትደበድቢው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ንፋሱ ከሚደበድበው እኔ ልቅደም።»

ሳቀ። ሳቀና ወንበር አመጣልኝ። ደህና ሰው ነው። እግሩ ወፈር ያለ አሉሚኒየም ነው፣ ብረት ቢሆን ይዝጋል አለኝ።

«ማያያዣውስ?»

«ፕላስቲክም አለ፣ ብረትም አለ። ፕላስቲኩ ረከስ ይላል።»

«የእኔ መገጣጠሚያ ራሱ አላስተማመነኝም። የእሱ እንኳ ብረት ይሁን።»

ነጭ ሸራ አመጣ። ለሠርግ ብዬው ስለነበር ነው። የስልኬን መብራት ከኋላ አበራሁበት… ሸራው እንደ አምፖል በራ። ስስ ነው። ቀይ አመጣ፤ እሱም አሳለፈ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከውስጥ የተቀባ ወፍራም ነገር አመጣ። አበራሁ። ምንም። ድንግዝግዝ እንኳ የለም። ለሙቀቱስ አልኩት። አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቆብ አሳየኝ፤ ሙቀትም ንፋስም በእሷ በኩል ይወጣል፣ መውጫ ያጣ ንፋስ ነው ድንኳን የሚሰርቀው አለኝ። ያኛው መውጫ አልነበረውም! ካስማ፣ አራት ገመድ፣ ለየእግሩ አሸዋ የሚሞላበት ከረጢት።

«ግን ይከብድሻል» አለኝ።

«ይክበድ!»

እሑድ፣ የካቲት 2

ወጣሁ። ወጣሁ። ወጣሁ።

ከሁሉም ቀድሜ እማዬ ጋ ደረስኩ። ቀጥሎ የደረሰው የእትዬ ባልና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ኋላ ስንሳብ፣ ያ የታጠፈ ሁሉ ተፈታቶ ቀጥ አለ። አሸዋውን አሰርኩ። ገመዱን ወጠርኩ። አንዱን እግር በእርግጫ አልኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ሾፌሩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ድንኳኑን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ውይ… ማን አረፈ?»

«ማንም! እኔ ነኝ ከሞት የተነሳሁት!»

አጥሩን ይዞ ሳቀ። ሱሪውን እንኳ አላነሳብኝም።

መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ሁለት እያሉ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም እኔ ጋ ናቸው! ሚጣ ጭኔ ላይ ጭንቅላቷን ጣል አድርጋ ተኛች። እማዬ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች። እትዬ ብቻ ደጃፍ ላይ ቀረች። ቆማ ታየኛለች… ፊቷ ምን ነበር? ንዴት አይደለም። ፍርሃት?

ወደ አመሻሹ ላይ ፀሐይ ወርዳ ከጎን ገባች። እግሬ ላይ አየኋት። ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ። ልነሳ? ብነሳ ግቢ ሊሉኝ ነው። ወሬዬን ቀጠልኩ። ፊቴ ላይ ስትደርስም ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እጄ እስክሪብቶ አይጨብጥም። ትኩሳት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ተሻለኝ። ኩላሊቴ ደህና ነው፤ ተመርምሯል። ሐኪሟ ግን አልማረችኝም። «ያሳመመሽ ድንኳኑ አይደለም፣ ግትርነትሽ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ፀሐይ ትሄዳለች፣ ጥላም አብሯት ይሄዳል። እኔ ተተክዬ ቀረሁ።

እትዬ አራት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተለየችም። ሾርባ በማንኪያ አጎረሰችኝ፣ ግንባሬን በእርጥብ ፎጣ አበሰችልኝ። «አላልኩሽም?» እያለች። በየማንኪያው አንድ አላልኩሽም። ብትወደኝ ነው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ፍቅሯ ሁሌ በር የሚዘጋው?

«በቃ አሁን ተማርሽ» አለችኝ ስትወጣ።

«ተምሬያለሁ» አልኳት። ደስ አላት። የተማርኩትን መች ነገርኳት? ድንኳኑ ግድግዳ አለው። በዚፕ የሚያያዝ፣ ከዚያው ሰማያዊ። በምዕራብ በኩል አንድ፣ ከተቻለ ሁለት። ነገ ለባለሱቁ እደውላለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ይህን እየጻፍኩ ወረቀቱን ሁለቴ ቀደድኩት። ከበሽታው አይደለም።

ግድግዳዎቹን ተቀብዬ እማዬ ጋ ስገባ እትዬ ከዲኮር ሠሪዋ ጋር ግቢውን ይለካሉ። ሁሉም ነገር ነጭ ነው። ወንበሩ ነጭ፣ ጨርቁ ነጭ፣ አበባው ነጭ። እትዬ ከረጢቴን አየችው።

«ለሠርጉ እንዳይሆን ብቻ።»

«ለሠርጉ ነው።»

«እሺ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ትከይው።»

«ከማድ ቤቱ ጀርባ ምን አለና? ከሰል ላገባ ነው?»

ዲኮር ሠሪዋ ሜትሯን ጠቅልላ ዞር አለች። እትዬ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። በሩን ዘጋች።

«ቀለሙ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ተቀየረ። «የልጁ ቤተሰቦች አንቺን አያውቁም። ፊትሽን ሲያዩ ይጠይቃሉ። ምንድን ነው? ከዘር ነው? ሚጣም ላይ ይመጣል ወይ? የምትወልዳቸውስ? አንዴ ይህ ወሬ ከገባ… እናት ብትሆኚ ይገባሽ ነበር።»

እናት ብትሆኚ።

ስለዚህ ሶፋው፣ ስጦታው፣ «አታስቢ»ው… ለእኔ ጤና አልነበረም? ሦስቱን ዓመትስ? ጠየቅኋት። «ያኔ ለአንቺ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ለእሷ ነው» አለችኝ። ቢያንስ አልዋሸችኝም።

እሷ ፊት አላለቅስም ብዬ ከረጢቱን አነሳሁ።

«እትዬ፣ ሚጣን በልጅነቷ በእግሯ ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ እንድትሮጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከፊቴ የምታፍሩ ከሆነ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እኔ ፊቴን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለኝም።»

ግድግዳዎቼን ታቅፌ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ነው ያለቀስኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ልተወው ይሆን? የልጅቷ ቀን ነው። በእኔ እልህ ቢበላሽስ? በእውነት ወሬው ቢጎዳትስ?

ሚጣ ደወለች። ምንም አታውቅም። «አክስቴ፣ ሰማያዊውን የት ነው የምታደርጊው? እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ላይሽ እፈልጋለሁ።» አልነገርኳትም።

አልተወውም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

እማዬ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ማንም የለም፤ በሠርጉ ምክንያት መሰብሰቡ ቀርቷል። እትዬ እንዳለቀሰችባት ነገረችኝ።

«እሷም ልጄ ናት፣ አንቺም ልጄ ነሽ። መሃል ላይ አታቁሙኝ።»

«አላቆምሽም እማዬ። አንድ እግር ብቻ ያዢልኝ። ብቻዬን መዘርጋት አልችልም፣ የእትዬን ባል ደግሞ አሁን አልለምንም።»

ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ግን ተነሳች። በዚያ በኩል ያዘች፣ እኔ በዚህ። «አንድ፣ ሁለት…» ስል ሦስት ሳልል ሳበችው! ድንኳኑ ተጣሞ ተከፈተ፤ ሁለታችንም በሣቅ ሣሩ ላይ ቁጭ አልን። ደገምነው። ሠለስነው። በሦስተኛው እንደ ወታደር ቀጥ አለ።

ከዚያ ጥላው የት የት እንደሚሄድ አብረን ስናይ ዋልን። ጥላው ሲሸሽ ወንበራችንን ይዘን ተከተልነው። እማዬ በመጨረሻ፣

«ፊት ለፊት ነው የምንተክለው። የእኔ ግቢ ነው፤ ማን ምን ይለኛል?» አለች።

ይህችን ሴት አላውቃትም ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ትናንት ነበር። እጽፋለሁ ብዬ ደክሞኝ ተኛሁ።

በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እማዬና እኔ ተከልነው። ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ በስተቀኝ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። ግድግዳውን በምዕራብ አሰርን። ዲኮር ሠሪዋ ስትመጣ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በነጭ መሃል ሰማያዊ! ፎቶ ያበላሻል።»

«ፎቶ አንሺው ወደዚያ ይዙር» አለቻት እማዬ። እኔ አይደለሁም፤ እማዬ!

እትዬ በጠዋት ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ነበር። ስትመለስ እንግዳው ገብቷል። ድንኳኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ በሩቅ አለፈችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩ። ፊቴ ከየካቲቱ ሕመም ገና አልጠፋም፤ ቀይ ነው። ዱቄት ልቀባው አስቤ ነበር። አልቀባሁም።

ሚጣ ስትገባ… አልጽፈውም። ጎንበስ ብላ ወደ ድንኳኑ ገባች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሄደች። ነጩ ቀሚሷ ላይ የሸራው ሰማያዊ ጥላ ሲወድቅ አየሁ።

እኩለ ቀን ላይ ዲኮር ሠሪዋ ያቆመቻቸው ነጫጭ ጃንጥላዎች ለማንም አልበቁም። ሰው በምናምኑ ፊቱን ያራግባል። አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው አጠገቤ ዘጭ አሉ። ወርቃማ ቀሚስ። ጫማቸውን አወለቁ።

«እፎይ! ገነት እዚህ ነው እንዴ ያለው?»

ማን እንደሆኑ ያወቅሁት እትዬ በሁለት እጇ ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ስትቀር ነው። የሙሽራው እናት! ሴትዮዋ ዘወር ብለው ፊቴን አዩ። አላፈሩም፣ አልሸሹም። ደህና አድርገው አዩኝ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ? ተቃጠልሽ?»

እትዬ ከኋላቸው በዓይኗ ለመነችኝ። አዎ በያቸው፣ ተቃጠልኩ በያቸው… ቀላል ነበር።

«አልተቃጠልኩም። ሉፐስ የሚባል በሽታ ነው። ፀሐይ አይወድም። ለዚህ ነው ድንኳኑ።»

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ከዘርስ ነው?»

«አንዳንዴ በቤተሰብ ውስጥ ይደገማል። ብዙ ጊዜ አይደገምም። እርግጡን የሚነግርዎት ሰው የለም፣ እኔም አልዋሽዎትም። የሚጣ አክስት ነኝ፣ የእናቷ ታናሽ።»

ሴትዮዋ ወደ ሙሽሮቹ ተመለከቱ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ። አበላሸሁት።

ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንገናኝ እህት እንዳለሽ እንኳ አልነገርሽንም?»

እትዬ ትሪውን አጥብቃ ያዘች።

«እኛም እኮ ልጃችን ማንኮራፋቱን አልነገርናችሁም» አሉ ሴትዮዋ። «ሰፈር ነው የሚቀሰቅሰው። አባቱም እንደዚያው፣ አያቱም እንደዚያው። እሱማ ጥርጥር የሌለው የዘር ነው።» ከትሪው አንድ ብርጭቆ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ፣ አንድ ለራሳቸው። «በይ ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ፤ በዚህ ፀሐይ ቆመሽ ልትሞቺ ነው።»

እትዬ ተቀመጠች። እኔ ጥላ ሥር። ትሪውን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች። ማናችንም አልተያየንም። ሴትዮዋ ብቻ ያወራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲሸሽ ወንበር ተሸክሞ የተከተለኝ ግማሽ ሠርገኛ ነው።

እንግዳ ሲሸኝ ድንኳኑን ላጥፍ ተነሳሁ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ መጣች። አንዱን እግር ያዘች።

«የቱ ጋ ነው የሚጫነው?»

አሳየኋት። ስትጫነው ጣቷን ቆነጠጣት፤ ጮኸች፣ ተሳደበች፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ይቅርታ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ጣቷን ግን በውሃ አጠብኩላት፣ እሷም እጇን አልነጠቀችኝም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ርዕሰ መምህሩን ወደ ሜዳ መልሰኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ነዘነዝኩት። «በድንኳን ስፖርት የምታስተምር አስተማሪ ማን አይቶ ያውቃል?» አለኝ። «ከሰኞ ጀምሮ ወላጆች ያያሉ» አልኩት። ሐኪሟም ወረቀት ጻፈችለት። ተሸነፈ። ወይ ሰለቸው። ለእኔ አንድ ነው።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የመሮጫው መታጠፊያ ላይ ተክዬዋለሁ። ከዚያ ሁሉንም አያለሁ፤ ማን ክንዱን እንደሚያወናጭፍ፣ ማን ሳይደክመው እንደደከመው እንደሚያስመስል። አብሬ መሮጥ አልችልም። ድምፄ ግን ይሮጣል። ዛሬ እስኪበቃኝ አሻግሬ ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ተዘጋ… ደስ ሲል!

ረፋድ ላይ ንፋስ ተነሳ። አቧራ። ሸራው ተርገበገበ። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናት። ከቤቷ ሆና ንፋሱን አይታ ነው። የምትለውን አወቅሁት፤ መልሴን አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን ነክሼ አነሳሁት።

«አቤት እትዬ።»

«አራቱንም ገመድ አጥብቀሽዋል?» አለችኝ።